የሙቀት መለኪያውን ማዛወር አየሩን ያቀዘቅዘዋልን?

ከአምቦ ተነስቶ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወደምትገኘው ሸነን የሚጓዝ የቤንዚን መኪና በቀትር ፀሐይ ገበያ መካከል ሞተሩ ሳይጠፋ ብዙ ከቆየ በኋላ አቀበት ሲጀምር፣ ሾፌሩ «ዛሬ አልስብ አለ» ሲል ይሰማል። ያው መኪና ያንኑ ጭነት ይዞ በማለዳው ቅዝቃዜ ያንኑ አቀበት ሲወጣ ግን እንዲህ ያለ ቅሬታ አይነሳበትም። ሾፌሩ አልተሳሳተም፤ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ሞተር ትኩስ አየር ከሚስብ ሞተር የበለጠ ጉልበት አለው። ጥያቄው ይህን የማለዳ ጉልበት በቀትርም በርካሽ ማግኘት ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

«ይቻላል» የሚሉ አሉ። ምክራቸውም አጭር ነው፦ በሞተሩ የአየር መግቢያ ላይ የተተከለችውን ትንሽ የሙቀት መለኪያ (ሴንሰር) ነቅሎ፣ ሁለት ሽቦ አስረዝሞ፣ ቀዝቃዛ አየር ወደሚያልፍበት ስፍራ ማዛወር። ወጪው የጥቂት ሽቦና የአጭር ሰዓት ሥራ ብቻ ነው። ዘዴው በተለይ በአሜሪካ በባለ 4.0 ሊትር ጂፕ ባለቤቶች ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል፤ ዛሬ ደግሞ ስልክ የያዘ መካኒክ ሁሉ በተንቀሳቃሽ ምስል ሊያየው ይችላል።

ጉዳዩ ለአገራችን ባለ መኪና ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ከጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ይታሰብበታል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ ደግሞ በእጃችን ያለው የቤንዚን ሞተር በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል። የቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነን ሞተር ለተቆራረጠ ሽቦ አሳልፎ ከመስጠት በፊት ነገሩን በሳይንስ ዓይን መመርመር ይገባል። በዚህ ጽሑፍም መለኪያው ምን እንደሚሠራ፣ ማዛወሩ መቼ እንደሚረዳና መቼ እንደሚጎዳ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ትኩስ አየር ለምን ጉልበት ይቀንሳል?

ሞተር ቤንዚን ብቻ አያቃጥልም፤ አየርም ያቃጥላል፤ እንዲያውም በክብደት ሲሰላ አየሩ እጅግ ይበልጣል። 1 ግራም ቤንዚን በትክክል ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሞተር ጉልበት የሚወሰነው በአንድ ጊዜ ስንት ግራም አየር ወደ ሲሊንደሩ ማስገባት በመቻሉ ነው። ሲሊንደሩ ግን ግራም አይቆጥርም፤ የሚስበው በይዘት፣ ማለትም በሊትር ነው። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ስንት ግራም አለ የሚለውን የሚወስኑት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ግፊትና ሙቀት ናቸው።

ጋዝ በሞቀ ቁጥር ይዘቱ እንደሚሰፋ ፈረንሳዊው ዣክ ሻርል በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያጠና ሲሆን፣ የአገሩ ሰው ጌይ-ሉሳክ በ1802 (እ.ኤ.አ.) ሕጉን ለኅትመት አብቅቶታል። በዚህ ሕግ መሠረት ግፊቱ ሳይለወጥ አየሩ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው አየር በ1 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ የነበረ አየር በሞተሩ ግለት እስከ 60 ዲግሪ ቢሞቅ 10 ከመቶ የሚሆነው እፍግታው ይጠፋል ማለት ነው።

በግፊት በኩል ያለው ኪሳራ ከዚህም ይብሳል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ዳርቻ ያለው 101 ነው። ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ባዶ ሃይላንድ አምቦ ላይ በደንብ ተከድኖ ወደ ድሬዳዋ ቢወርድ ተጨማድዶ ይደርሳል፤ ውስጡ የቀረው የአምቦ ስስ አየር የቆላውን ግፊት መቋቋም አይችልምና ነው። እንግዲህ በፋብሪካው መዝገብ 70 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ተራ የቤንዚን ሞተር አምቦ ላይ ሲደርስ ከ54 ብዙም አይበልጥም። ከፍታው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሆነውን ወስዶበታል።

መለኪያው ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ትንሿ መለኪያ እንመለስ። በውስጧ ያለው ቁስ ሲሞቅ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) የሚቀንስ ነው። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ መለኪያዋ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ40 ዲግሪ ከ900 እስከ 1,300 ኦም፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ከ400 እስከ 700 ኦም ታሳያለች። የሞተሩ ኮምፒዩተር ይህን ተቃውሞ አንብቦ «አየሩ ይህን ያህል ሞቋል» ብሎ ይተረጉመዋል።

የአየር መጠን መዛኝ በሌላቸው ሞተሮች ኮምፒዩተሩ የአየሩን ግፊት ከአንድ መለኪያ፣ ሙቀቱን ከሌላው ወስዶ በሲሊንደሩ ውስጥ ስንት ግራም አየር እንዳለ በስሌት ያገኛል። ከዚያም ሁለት ውሳኔ ይሰጣል። አንደኛው ምን ያህል ቤንዚን ይረጭ የሚል ነው። ሁለተኛው የካንዴላው ብልጭታ ከፒስተኑ መድረስ ምን ያህል ቀድሞ ይነሳ የሚል ነው፤ መካኒኮች ታይሚንግ የሚሉት ነው። አየሩ ትኩስ ከሆነ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ ብልጭታውንም ያዘገየዋል። ቀዝቃዛ ከሆነ ተቃራኒውን ያደርጋል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። መለኪያዋ መልእክተኛ ናት እንጂ አየሩን የምትለውጥ አይደለችም። እርሷን ማዛወር ለኮምፒዩተሩ የሚደርሰውን ወሬ ይለውጣል፤ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ግን በአንዲት ዲግሪም አያቀዘቅዘውም።

ታዲያ ጥቅም አገኘን የሚሉት ለምንድን ነው?

መልእክተኛዋ አንዳንድ ጊዜ ስለምትሳሳት ነው። በባለ 4.0 ሊትሩ ጂፕና እርሱን በመሰሉ ሞተሮች መለኪያዋ የተተከለችው አየሩን ለሲሊንደሮች በሚያከፋፍለው የብረት ቱቦ (ማኒፎልድ) ላይ ነው። መኪናው ገበያ መካከል ሲቆም ራዲያተሩ የሚተፋው ሙቀትና የሞተሩ ግለት ብረቱን ያግሉታል፤ መለኪያዋም ከአየሩ ይልቅ የተጣበቀችበትን ብረት መለካት ትጀምራለች። አየሩ 30 ዲግሪ ሆኖ ሳለ እርሷ 60 ብላ ብትናገር ኮምፒዩተሩ በአየሩ ውስጥ ከእውነተኛው በ9 ከመቶ ያነሰ አየር እንዳለ ያምናል። ስለዚህ በ9 ከመቶ ያነሰ ቤንዚን ይረጫል፤ ብልጭታውንም ያዘገያል። አቀበቱ ላይ «አልስብ አለ» የሚባለው ቅሬታ በከፊል ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

መለኪያዋን ቀዝቃዛ አየር ወደሚያልፍበት የአየር ማጣሪያ አጠገብ ማዛወር ይህን ስህተት ያርመዋል። የሚገኘው ጥቅም ግን አዲስ ጉልበት ሳይሆን ጠፍቶ የነበረው ሲመለስ ነው። ከዚህም በላይ ጥቅሙ በሁሉም ጊዜ አይታይም። መኪናው በልኩ ሲነዳ በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ የቤንዚኑን ጉድለት ተመልክቶ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያስተካክለዋል። እርማቱ የማይደርስበት ነጂው ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች የኦክስጅን መለኪያውን ትተው በሰንጠረዣቸው ብቻ ይሠራሉ። በሰንጠረዡ የሚሠራው የብልጭታው ጊዜ ግን በሁለቱም አነዳድ ይነካል።

በሌላ በኩል ፋብሪካው መለኪያዋን በብረቱ ላይ ያኖረው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። አየሩ በጋለው ብረት ውስጥ ሲያልፍ በእርግጥም ይሞቃል፤ ሲሊንደሩ ደጃፍ ሲደርስ ማጣሪያው ላይ እንደነበረው አይደለም። የኮምፒዩተሩ ሰንጠረዥም የተዘጋጀው መለኪያዋ በተተከለችበት ቦታ በምታሳየው ንባብ ነው። ፋብሪካው የሚያውቀውና በሰንጠረዡ ያካተተው መዛባት ስህተት ሊባል አይችልም። መለኪያዋ ተዛውራ 30 ዲግሪ ብትል፣ አየሩ ግን ሲሊንደሩ ሲደርስ 45 ዲግሪ ሆኖ ቢገኝ፣ አሁን ኮምፒዩተሩ የተታለለው በተቃራኒው ነው፤ ወደ 5 ከመቶ የሚጠጋ ትርፍ ቤንዚን ይረጫል። ነጂው መኪናው የተሻሻለ ይመስለዋል፤ በነዳጅ ማደያው ግን ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል።

አደጋው ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው

ከትርፍ ቤንዚኑ የሚከፋው የብልጭታው መቅደም ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ድብልቅ ከልክ በላይ ሲሞቅና ሲጨመቅ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ይህ ማንኳኳት (ኖክ) ይባላል፤ ብረትን በብረት የመምታት ያህል ድምፅ ያሰማል። ከቀጠለ ፒስተኑን ይበሳል፣ ቀለበቱን ይሰብራል፣ ቴስታታውንም ያበላሻል። ኮምፒዩተሩ በትኩስ አየር ጊዜ ብልጭታውን የሚያዘገየው ይህ እንዳይደርስ ነው። መለኪያዋን ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ማዛወር ይህን ጥበቃ ማላላት ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን መልክዓ ምድር ልዩ ወጥመድ አለው። ስስ አየር በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት አነስተኛ በመሆኑ በደጋ ላይ ማንኳኳት እምብዛም አይሰማም። አንድ መካኒክ አምቦ ላይ ሥራውን ጨርሶ፣ መኪናውን ሞክሮ፣ «ምንም ድምፅ የለውም፤ ጉልበቱም ጨምሯል» ቢል እውነቱን ነው። ነገር ግን ያ መኪና በማግሥቱ በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ባኮ ይወርዳል። ባኮ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ስፍራ ስትሆን የአየር ግፊቷ ከአምቦው በ6 ከመቶ ያህል ይበልጣል። ጉዞው ወደ ድሬዳዋ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ወደ 12 ከመቶ ይደርሳል፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ደጋ ላይ ጸጥ ያለው ሞተር ቆላ ላይ ሊያንኳኳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የማንኳኳት መለኪያ ያላቸው ሞተሮች ድምፁን ሰምተው ብልጭታውን መልሰው ያዘገዩታል፤ ይህ መለኪያ የሌላቸው አሮጌ ሞተሮች ግን እስኪሰበሩ ድረስ የሚያስቆማቸው የለም።

ሌላም ብዙም የማይታሰብበት አደጋ አለ። የተቀጠለ ሽቦ መገጣጠሚያው በክረምት ዝናብና በበጋ አቧራ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ተቃውሞ ይጨምራል። አየሩ በእውነት 60 ዲግሪ ሆኖ መለኪያዋ 500 ኦም ስታሳይ ዝገቱ ሌላ 500 ቢጨምርበት ለኮምፒዩተሩ የሚደርሰው 1,000 ኦም ነው፤ ይህም ከላይ እንዳየነው የ40 ዲግሪ ንባብ ነው። ስለዚህ መጥፎ ቅጥያ ሁልጊዜ የሚዋሸው ወደ ቀዝቃዛው፣ ማለትም ወደ ብዙ ቤንዚንና ወደ ቀደመ ብልጭታ ነው። መለኪያዋን ጨርሶ በመንቀል ፈንታ ቋሚ ተቃውሞ ማስገባት የሚባለው ሌላው ዘዴም ይህንኑ ውሸት ሆን ብሎ ቋሚ ማድረግ በመሆኑ ከቶ አይመከርም።

በእጃችን ያለው መኪና የትኛው ነው?

ምክሩን ከመቀበል በፊት ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። በምዕራብ ሸዋ መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን ያገለገሉት አሮጌ የናፍጣ ሚኒባሶች አብዛኞቹ ነዳጃቸውን የሚመጥነው በሜካኒካል ፓምፕ ነው። በእነርሱ ላይ የሚዛወር መለኪያ የለም። በካርቡሬተር የሚሠሩት ባጃጆችም እንዲሁ ናቸው።

ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩት፣ በአገራችን በብዛት የሚታዩት ብዙ የቶዮታ የቤንዚን ሞተሮች ደግሞ የአየር መጠን መዛኝ አላቸው። የሙቀት መለኪያዋ ከመዛኙ ጋር በአንድ አካል ተሠርታ ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ ተተክላለች። ይህ ማለት ሌሎች ሊያዛውሩባት የሚደክሙባት ቀዝቃዛ ስፍራ ላይ ፋብሪካው ራሱ አስቀድሞ አኑሯታል። በተጨማሪም መዛኙ አየሩን በቀጥታ ስለሚለካ የቤንዚኑ መጠን በሙቀት ስሌት ላይ የተመሠረተ አይደለም። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ሽቦ መቁረጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

የሚቀሩት በማኒፎልዳቸው ላይ መለኪያ ያላቸውና መዛኝ የሌላቸው ሞተሮች ናቸው። ለእነርሱም ቢሆን መልሱ «አዛውሩ» ሳይሆን «መጀመሪያ ለኩ» የሚል ነው።

ከመቁረጥ በፊት መለካት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ሽቦ ከተቆረጠ በኋላ መመርመር ዋጋ የለውም። ምርመራው ግን ቀላል ነው። ዛሬ በመኪናው መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካና ንባቡን በስልክ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ በብዙ ጋራዦች ይገኛል። በእርሱ የመግቢያ አየር ሙቀት የሚለውን ንባብ መከታተል ይቻላል። ከእርሱ ሌላ የሚያስፈልገው አንድ ተራ ቴርሞሜትር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት ማለዳ ቁልፉን ከፍቶ ሳያስነሱ ሁለቱን ማነጻጸር ነው። ንባቡ ከውጭው አየር ጋር በጥቂት ዲግሪዎች ካልተቀራረበ መለኪያዋ ወይም ሽቦዋ ታማለች፤ መፍትሔውም መለወጥ እንጂ ማዛወር አይደለም። ቀጥሎ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ለ15 ደቂቃ ሳይጠፋ ማቆም፣ የደረሰበትንም ንባብ መመዝገብ ነው። በመጨረሻም በተስተካከለ መንገድ ለ5 ደቂቃ ያህል እየነዱ ንባቡ እንዴት እንደሚወርድ መመልከት ነው። ቶሎ ወርዶ ወደ ውጭው አየር ከተጠጋ መለኪያዋ ሥራዋን በሚገባ እየሠራች ነው፤ አንዳች መነካት የለባትም። መኪናው እየሄደም ንባቡ ከውጭው አየር 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ከቀረ ግን አንድ የተበላሸ ነገር አለ። ቱቦው ተቀድዶ የራዲያተሩን ትኩስ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መለኪያዋ ብረቱን እየለካች ነው።

ሁለተኛው ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከማዛወር በፊት የሚሞከር ቀለል ያለ መንገድ አለ። በመለኪያዋና በብረቱ መካከል ሙቀት የማያስተላልፍ ማስገቢያ ማድረግና በአካባቢው ያለውን ግለት መከለል ነው። መለኪያዋ በቦታዋ ስለምትቀር ሽቦ አይቆረጥም፤ የፋብሪካው ሰንጠረዥም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

መልእክተኛውን ሳይሆን አየሩን

እውነተኛውን የማለዳ ጉልበት በቀትር ማግኘት የሚፈልግ ሰው መንገዱ አንድ ነው፤ አየሩን ራሱን ማቀዝቀዝ። አብዛኞቹ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ከኮፈኑ ፊት ወይም ከመከላከያው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ቱቦ አላቸው። ይህ ቱቦ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ተሰብሮ፣ ተቀድዶ ወይም ለጥገና ተፈትቶ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። በዚያን ጊዜ ሞተሩ የሚተነፍሰው ከጋለው ራዲያተር ጀርባ ነው። ቱቦውን መመለስ ወይም መጠገን የሚገባውን አየር በ20 ዲግሪ ቢያቀዘቅዘው እፍግታው በ6 ከመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ እንደገና ስለሚሞቅ መሐንዲሶች የጉልበቱን ለውጥ የሚያሰሉት በሙቀቱ ንጽጽር ካሬ ሥር ነው፤ ስለዚህ የጉልበቱ ጭማሪ ወደ 3 ከመቶ ይሆናል። ቀደም ሲል በጠቀስነው፣ አምቦ ላይ 54 የፈረስ ጉልበት በቀረለት ሞተር ይህ ከአንድ ተኩል ጥቂት የሚበልጥ የፈረስ ጉልበት ነው። ትንሽ ነው፤ ግን እውነተኛ ነው፤ ሞተሩንም ለአደጋ አያጋልጥም።

ንጹሕ የአየር ማጣሪያም በዚሁ ረድፍ ይቆጠራል። በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት በዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ላይ የተደፈነ ማጣሪያ የነዳጅ ፍጆታን ጉልህ ሆኖ ባይለውጥም መኪናው ፍጥነት ለመጨመር የሚወስድበትን ጊዜ ከ6 እስከ 11 ከመቶ እንዳራዘመው ተመልክቷል። አቧራማ መንገድ ለሚመላለስ መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ከሸነን አቀበት በታች የቆመው ሾፌር ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ከፍታው የወሰደውን አንድ አምስተኛ ጉልበት የትኛውም የሽቦ ሥራ አይመልሰውም። ሙቀቱ የወሰደውን ጥቂት ግን የተቀደደ ቱቦ በመጠገን፣ ማጣሪያ በማጽዳትና በገበያ መካከል ሞተሩን ያለ ሥራ ባለማስጮህ መመለስ ይቻላል። መለኪያዋን በተመለከተ ግን ኮምፒዩተሩ ሞተሩን የሚጠብቀው በነገረችው ቃል ብቻ ነው። እውነቱን እስከነገረችው ድረስ በቦታዋ ትቆይ፤ ተሳስታ እንደሆነም አስቀድሞ የሚመሰክርባት ቴርሞሜትሩ ይሁን።